እሁድ ሬሳ አይወጣም

«ሞተውም እንኳ እሁዳቸውን አልለቀቁም» አለ ኪሶክ በስልክ። ናምሂ ከጫማ መደርደሪያው ጀርባ ቁጢጥ ብላ የቤተሰቡን ጫማ አፍንጫውን ወደ በሩ እያዞረች ትደረድር ስለነበር ወንድሟ እዚያ መኖሯን አላየም። «ሦስተኛው ቀን እኮ ዛሬ ነው። የሰው ሁሉ ሬሳ ዛሬ ይወጣል፤ የኛ ሽማግሌ ግን ሰኞን ይጠብቃሉ። አዎ፣ የአንድ ቀን ኪራይ ተጨምሮ፣ ሰባት መቶ ሺህ ዎን። እሳቸው እንደሆነ አይከፍሉ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር፤ ሲጨርስ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ትንሽ ቆየና ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ ውስጥ ገባ። ናምሂ አንድ እግር ጫማ በእጇ እንደያዘች ቀረች። ልትቆጣው አስባ ነበር። ግን ወንድሟ የተናገረው ከአርብ ጀምሮ እሷ ራሷ በሆዷ ስትለው የከረመችውን ነው።

ቡሳን ከተማ ውስጥ ወደቡን ቁልቁል በሚያየው በዚህ ሆስፒታል ምድር ቤት ስድስት የለቅሶ ክፍሎች አሉ። መግቢያው ላይ በተሰቀለው ሰፊ ስክሪን የሟቾቹ ፎቶ ይታያል፤ ከየፎቶው ሥር ስማቸው፣ የልጆቻቸው ስምና ሬሳው የሚወጣበት ሰዓት ተጽፏል። ወጉ ሦስት ቀን ነው። የናምሂ አባት ሽማግሌ ኦም አርብ ሊነጋጋ ሲል ስላረፉ ሦስተኛው ቀናቸው እሁድ ላይ ዋለ፤ እሳቸው በሽማግሌነት ያገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በጌታ ቀን ሬሳ አያወጣም። በጌታ ቀን አይሸጥም፣ አይገዛም፣ እሳት አይነድም። ስለዚህ ጠዋቱን ሌሎቹ ክፍሎች አንድ በአንድ እየተለቀቁ፣ የሬሳ መኪኖቹ በጓሮ በር እየመጡ እየሄዱ፣ የአበባ ጉንጉኖቹ እየተጫኑ፣ ከቀትር በፊት ስክሪኑ ላይ የቀረው የአባቷ ፎቶ ብቻ ሆነ። ፎቶው የተነሣው ከበሽታቸው በፊት ነው። ከአኩሪ አተር ቶፉ የሚባለውን አይብ መሳይ ምግብ እየሠሩ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸውና ፊታቸው በእንፋሎት የታጠበ ይመስላል፣ ነጭና ለስላሳ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ካሜራው ሳይሆን ከካሜራው ጎን ወደሚገኝ ነገር ያያል፣ ጉድለት አይቶ ዝም እንዳለ ሰው።

ሁለት ሽርጥ የለበሱ ሴቶች በሩ ላይ ብቅ አሉ። ለለቀስተኛ ሾርባ ለማቅረብና ዕቃ ለማጠብ በቀን የሚቀጠሩ ናቸው፤ ትናንትም ከትናንት ወዲያም እዚሁ ነበሩ። ትልቅየዋ የቀኝ አንጓዋ ላይ የሕመም ፕላስተር ለጥፋለች። የሟቹ እኅት አክስት ማልሱን ከተቀመጡበት ሳይነሡ በእጃቸው መለሷቸው።

«ዛሬ ሂዱ፣ ልጆቼ። የዛሬውን አበል ሚስቱ ማታ ሰጥታችኋለች አይደል?»

«ሰጥተውናል፣ እትዬ። ግን ሾርባውን ማን ሊያሞቅ ነው?»

«ማንም አያሞቅም።»

«ለለቀስተኛ ቀዝቃዛ ሾርባ?»

«ሾርባ የለም አልኩሽ። ትናንት የተቀቀለ ሩዝ አለ፣ የሩዝ ኬክ አለ፣ የጎመን ኪምቺም አለ። የራበው ይበላል። ያልራበው ሊያለቅስ ነው የመጣው፣ ያልቅስ። ወንድሜ ገና ጤነኛ ሳለ ነው የነገረኝ፤ ቀኑ እሁድ ላይ ከዋለ ማንም ለእኔ ብሎ ትሪ እንዳይሸከም ብሎኛል።»

ሴቶቹ ተያዩ። ትንሽየዋ ኮሪደሩ ላይ ሽርጧን እየፈታች «እንዲህ ያለ ሬሳ በየሳምንቱ ቢያጋጥመኝ አልጠላም» ስትል ትልቅየዋ ጀርባዋን መታቻትና «ዝም በይ አንቺ፣ ሟርተኛ!» አለቻት። ከዚያ ሁለቱም እየሳቁ፣ ሳቃቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ ወጡ። ናምሂ በዓይኗ ሸኘቻቸው። አባቷ ላላዩአት ሴት አንጓ ማሰባቸው አንጀቷን አቃጠላት። እንግዲህ ማሰብ ያውቁ ነበር፣ አለች በልቧ።

ሠርጓ እሁድ ነበር። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። የሠርግ አዳራሹ እሁድ ቀትር ላይ ዋጋ ይቀንስ ስለነበር እሁድ ያዙት፤ ለሰው ሁሉ የተነገረው ይህ ነው። እውነቱ ግን ትንሽ ጨምረው ቢከፍሉ ቅዳሜም ይገኝ ነበር፣ ባሏም እናቱም ቅዳሜን አልጠሉም ነበር። እሁድ ይሁን ያለችው እሷ ናት። አባቷ ነገሩን ሲሰሙ አኩሪ አተሩን እያጠቡ ነበር፤ እጃቸውን ከውኃው ሳያወጡ «ቅዳሜ አይሆንም?» አሉ። «አይሆንም» አለቻቸው። «እሁድ እኮ ነው» አሉና ወደ አተራቸው ተመለሱ። እስከ ሠርጓ ቀን ድረስ ይመጣሉ ብላ ነበር፤ ለአንዲት ሰዓት፣ ለአንዲት ሴት ልጅ። አባት ሙሽራዋን እጇን ይዞ ነው የሚያስገባት፤ ለአባቶች የሚሰጠው ነጭ ጓንት ከእናቷ አጠገብ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ብቻዋን ስትገባ የመድረኩ መሪ «የዛሬዋ ሙሽራ ዘመናዊ ናት፣ መሪ አትፈልግም!» ብሎ ቀለደ፤ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ለአዲስ ዓመትና ለመኸር በዓል ትመጣለች፣ ሰግዳ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ትበላለች፣ በማታው ባቡር ትመለሳለች። ከአባቷ ጋር የሚያወሩት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ባቡሩና ስለ አተር ዋጋ ነበር። ስትሮክ መቷቸው አልጋ ላይ ከዋሉም በኋላ፣ ምላሳቸው እየተያዘ፣ አተር ስንት ገባ ብለው ይጠይቋት ነበር። ትነግራቸዋለች። ከነገረቻቸው በኋላ ሁለቱም መስኮቱን ያያሉ።

ወደ ቀትር የኪሶክ የሥራ ባልደረቦች ከመርከብ መሥሪያው መጡ፤ አምስት ናቸው፣ ጥቁር ከረባታቸውን መኪና ውስጥ ያሰሩ ይመስላል። ዕጣን ሊያጨሱ ማጨሻውን ፈለጉ፤ የለም። እንደ ወጉ ለፎቶው ሁለት ጊዜ በግንባራቸው ሊደፉ ሲሉ ከመካከላቸው አንዱ «የክርስቲያን ቤት ነው፣ አይሰገድም» ብሎ አንሾካሾከ። አራቱ ነጭ አበባ አኑረው አንገታቸውን ደፉ። አምስተኛው ግን አንዴ ጉልበቱን ስላጠፈ መመለሱ አሳፍሮት ሁለቴ ተደፍቶ ተነሣ፤ አክስት ማልሱን ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ተቀምጠው የቀረበላቸውን ቀዝቃዛ የሩዝ ኬክ እያገላበጡ ዓይናቸው አረቄ ይፈልግ ጀመር።

«አረቄ የሌለበት ለቅሶ ዛሬ አየሁ» አለ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የኪሶክ አባት እኮ ናቸው። ቶፏቸውን ታስታውሳለህ? ቅዳሜ ማታ ካልገዛህ እሁድን በኪምቺ ነው የምትገፋው። እናቴ ስንቴ የሱቃቸውን በር ደብድባለች መሰለህ።»

«ይከፍቱላት ነበር?»

«ሰውየው? ቅዱስ ጴጥሮስ ራሱ ቢያንኳኳ ሰኞ ና ይሉታል።»

ሳቁ፤ ወዲያው የት እንዳሉ ትዝ ብሏቸው አቀረቀሩ። ናምሂ የገብስ ውኃ ስታቀርብላቸው አንደኛው «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እኅቴ» አላት። አመሰገነች። ከአርብ ጀምሮ ሰው ሁሉ ያጽናሽ ሲላት ታመሰግናለች፤ የሚጸና ነገር ግን አልነበራትም። እንባዋ አልመጣም። የኪሶክ ሚስት አልቅሳለች፣ ኪሶክ ሬሳው ሲገነዝ እንደ ልጅ ተንሰቅስቋል። የእሷ ዓይን እንደ ደረቀ ነው፤ አክስቷ ሁለት ጊዜ ትክ ብለው አይተዋታል።

እንግዶቹ እንደወጡ ኪሶክ በምልክት ጠራትና በጓሮው ደረጃ በኩል ወደ መኪና ማቆሚያው ወጡ። ከማሽኑ ሁለት ቆርቆሮ ትኩስ የገብስ ሻይ ገዝቶ አንዱን ሰጣት። ቆርቆሮውን ሲከፍቱ ሁለቱም ሳያስቡት ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ፤ ልጅ ሳሉ እሁድ ተደብቀው አይስክሬም ሲገዙ እንደሚያዩት። ኪሶክ በዚህ ትንሽ ፈገግ አለ። ጢሙ አድጓል፤ ክንዱ ላይ ያለው የሐዘን ጨርቅ ወደ ክርኑ ተንሸራቷል።

«ሬሳ ማቃጠያው ደውሎልኝ ነበር» አላት። «ለዛሬ ዘጠኝ ሰዓት የተያዘ ቦታ ተለቅቋል። እስከ ስምንት ሰዓት መልስ ከሰጠን ለኛ ነው።»

«የነገውስ?»

«የነገው የመጨረሻው ተራ ነው፣ አመሻሽ ላይ። ናምሂ፣ ነገ መርከቧን ነው የምናስረክበው። አሥራ አንድ ሰዎች በኔ ሥር ናቸው። እኔ ከሌለሁ ሥራውን ለሌላ ይሰጡታል፣ ከዚያ በኋላ አይመልሱልኝም። አባባን ጠልቼ እንዳይመስልሽ።»

«አልመሰለኝም፣ ጋሼ። እማዬን ጠይቃት።»

«አንቺ ጠይቂያት። እኔን 'አባትህ እንዲህ ብሏል' ትለኛለች። አንቺን ግን እምቢ አትልሽም።» ቆርቆሮውን በእጁ አሽከረከረው። «ለምን እንደማትልሽ ታውቂያለሽ። አክስቴም ቢሆኑ ባንቺ ፊት አፍ የላቸውም። ከሁላችን የተበደልሽው አንቺ ነሽ። አንቺ አንድ ቃል ካልሽ አለቀ፤ ዛሬ ይወጣል።»

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እስከ ማታው ጸሎት ፍጻሜ አይመጡም፤ መጋቢው ስልኩን ዘግቷል። አባቷ ዛሬ ከወጡ ያለ መዝሙር፣ ያለ ጸሎት፣ በተከራየ መኪና ይወጣሉ። ስድሳ ዓመት ሙሉ የዘጉትን ቀን ልጃቸው በሬሳቸው ላይ ትከፍተዋለች። ናምሂ ይህን ስታስበው ደስታ ይሁን ሌላ ነገር ያላወቀችው ሙቀት ደረቷን ነካት። አንድ እሁድ ስለ አንድ እሁድ። ፍርዱ ትክክል ነበር፣ ማንም አይወቅሳትም፤ ለዚያውም ለወንድሟ የሚጠቅም ነው። «እጠይቃታለሁ» አለችው። ኪሶክ ትከሻዋን ነካ አደረገና እዚያው ላይ ቀረ፤ ሊያጨስ ፈልጓል፣ እሷ ባለችበት አያጨስም።

ከፎቶው መድረክ ኋላ ቤተሰቡ የሚያርፍባት ጠባብ ክፍል አለች። መስኮት የላትም። ወለሉ ከሥሩ ይሞቃል፤ የተጣጠፈ ፍራሽ ጥግ ላይ ተቆልሏል፣ የኪሶክ ልጆች ካልሲ ቁምሳጥኑ እጀታ ላይ ተሰጥቷል። እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ እግሮቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። በጥቁሩ የሐዘን ቀሚስ ውስጥ አንሳ ሌላ ሴት መስላለች። አራት ዓመት ባሏን በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን ስታገላብጥ የኖረች ናት፤ ከዚያ በፊት ያሉትን ዓመታት ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ የሚፈላውን የአተር ወተት በእንጨት ስታማስል። የጣቶቿ መገጣጠሚያ አብጦ ቀለበቷ ከወጣ ቆይቷል።

«በልተሻል?» አለቻት።

«በላሁ።»

«ዋሾ። ያንን ጥቅል ሩዝ አንሺ። የጸሎት ቡድኑ ሴቶች ትናንት የጠቀለሉት ነው። ደርቋል፣ ግን ይበላል።»

ናምሂ ቁጭ ብላ በባሕር አረም የተጠቀለለውን ሩዝ አንድ ጉራሽ አፏ ውስጥ አደረገች። ቀዝቃዛ፣ ጠጠር ያለ፣ የሰሊጥ ዘይቱ የረጋ። የልጅነት እሁዶቿ ሁሉ ጣዕማቸው ይኸው ነበር። እናቷ ወለሉ በጣም እንደሚሞቅ፣ ማብረጃውን ማንም ሊያገኘው እንዳልቻለ፣ የኪሶክ ሚስት ሳል እንደያዛት፣ ለክፍሉ በቀን የሚከፈለው ለአንድ ወር ቤት ኪራይ እንደሚሆን አወራች። ናምሂ አዎ፣ አዎ እያለች ጎረሰች። ከግድግዳው ወዲያ የአየር ማስወጫው ያጓራል።

«እማዬ፣ ጋሼ ኪሶክ…» ብላ ጀመረች።

«ሰዬ ትናንት መጥቶ ነበር፣ አየሽው?» አለች እናቷ።

«የትኛው ሰዬ?»

«የሰፈራችን ባለታክሲ። አረጀ፣ በምርኩዝ ነው የመጣው። ለሠርግሽ የወሰደኝ እሱ ነው።»

ናምሂ ማኘኳን አቆመች። በቤታቸው ሠርግ የሚለው ቃል ከተነሣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

«አባትሽ ቅዳሜ ማታ ሄዶ ከፍሎት መጣ፣ ደርሶ መልስ። እሁድ እጄ ገንዘብ እንዳይነካ ብሎ ነው። 'አዳራሹ ደረጃ አለው፣ እስከ በሩ አድርሳት' ብሎ አዞታል፤ ሰዬም እጄን ይዞ እስከ ላይ አወጣኝ። ሰው ባሌ መስሎት ነበር።» በአፍንጫዋ ሳቅ አለች።

«የራሳቸውንስ?»

«የራሱን ምን?»

«የራሳቸውንስ ከፍለው ነበር?»

እናቷ የቀሚሷን ጠርዝ በጣቷ ደጋግማ አለሰለሰች። «የአንድ ሰው ነው የከፈለው» አለች።

አየር ማስወጫው ለአፍታ ቆሞ እንደገና ተነሣ።

«ስመለስ» አለች እናቷ፣ «ሩዙን አቅርቦ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። እሱም ሳይበላ። 'ቆንጆ ነበረች?' አለኝ። 'ቆንጆ ነበረች' አልኩት። ሳህኑን አጥቦ ተኛ። ይኸው ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምኑን ልንገርሽ? አልመጣም እኮ። ያልመጣ ሰው ምኑ ይነገራል?» ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን ደረቅ ነው። «ተጣልቼዋለሁ ያኔ። ለአንዲት ቀን፣ ለአንዲት ሰዓት አልኩት። 'ለልጄ ብዬ ከፈታሁት ለሆቴሉም ሰውዬ መፍታቴ አይቀርም' አለኝ። ሆቴሉን ታስታውሺዋለሽ? እሁድ እሁድ ቶፉ አምጡልኝ፣ እጥፍ እከፍላለሁ እያለ ሦስት ዓመት የተመላለሰብንን? እኔ ራሴ እንቀበለው ብዬ አልቅሼበታለሁ፤ የናንተ ትምህርት ቤት ነበረብኝ። 'ሰባተኛዋን ቀን ከሸጥናት ማን መልሶ ይገዛልሻል?' ነበር የሚለኝ። ግትር ነበር፣ ልጄ። ደግ ነበር አልልሽም ያን ዕለት። ግትር ነበር።»

ከዚህ በኋላ እናቷ እንደደከማት ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እስቲ ጎኔን ላሳርፍ። ለቀስተኛ ከመጣ ቀስቅሺኝ» አለችና፣ ናምሂ ትራስ ሳታቀርብላት፣ ክንዷን ተንተርሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ወዲያው ትንፋሿ ከበደ። ከአርብ ወዲህ ስትተኛ ያያት የለም። ናምሂ ትራስ ስባ ጭንቅላቷን ቀስ ብላ አነሣችና አስደገፈቻት፤ አልነቃችም።

እናቷን በቀን ብርሃን ተኝታ የምታያት እሁድ ብቻ ነበር። ይህ ለምን እስከ ዛሬ ትዝ እንዳላላት ገረማት። ስድስት ቀን እናቷ ቋሚ ነገር ናት፤ ጎሕ ሲቀድ እንፋሎት ውስጥ፣ ረፋዱ ላይ ገበያ፣ ማታ የአተር ማጠቢያው ላይ። ቅዳሜ ማታ አባቷ የአተር ወፍጮውን ሶኬት ይነቅላሉ። ከዚያ ልጆቹን አስቀምጠው ስለ ሰንበት የታዘዘውን ያነቡላቸዋል፤ አንተም፣ ልጅህም፣ ሠራተኛህም፣ በሬህም አህያህም እያለ የሚዘረዝረውን። ኪሶክ አንድ ቀን «በሬ የለንም እኮ፣ አባባ» ብሎ ሲስቅ አባቷ ገና ያልበረደውን የወፍጮ ሞተር በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ይኸውልህ በሬህ፤ እስቲ ዳብሰው፣ ላብ በላብ ሆኗል» አሉት። ልጆቹ በየተራ ዳበሱት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀዝቃዛውን ሩዝ በልተው አባቷ ሳህኑን ያጥባሉ። ሌላ ቀን ሳህን ሲያጥቡ አይታ አታውቅም። እናቷ ከወፍጮው ክፍል ጎን ባለችው ክፍል አፏን ከፍታ ትተኛለች፣ እስኪመሽ። ናምሂ በሰባት ዓመቷ ቀዝቃዛው ሩዝ የእግዚአብሔር ስስት ይመስላት ነበር፤ እግዚአብሔር ትኩስ ነገር የማይወድ፣ እሁድ እሁድ እሳት የሚቆጥብ። ማንም አያበስልም ሲባል ማን ነው ያ ማንም ብላ አልጠየቀችም። በቤታቸው የምታበስል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

የእናቷን ጀርባ አየች። ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ በትንፋሿ ከፍ ዝቅ ይላል። ታዲያ እኔስ፣ አለች ናምሂ በልቧ፤ እኔስ? እናቷን ያስተኛትና የአባቷን እጅ ከእጇ ያስቀረው ያው አንድ ትእዛዝ ነው፤ እንደ ቶፉ በቢላ ከፍላ ግማሹን ወስዳ ግማሹን ልትተው አትችልም። ያ ወንበር ባዶውን ነበር፣ ባዶውን ይቀራል። ለዚያ ዛሬም ይቅርታ የሚል ቃል አፏ ላይ አልነበረም። እናቷን ቀስቅሳ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው የቀረው፤ እናቷም ዓይኗን እያሻሸች «እንዳልሽ ይሁን፣ ልጄ» ትላለች፣ ተነሥታም ጫማዋን ትፈልጋለች።

በሩ ተንኳኳ። ኪሶክ ነው፣ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል፤ ስልኩን በእጁ ይዟል። ናምሂ ድምፅ ሳታሰማ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ሳበችው።

«ምን አለችሽ?»

«አልጠየቅኳትም። እንቅልፍ ወስዷታል።»

«ቀስቅሻታ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሆኗል።»

«አልቀሰቅሳትም።»

«ናምሂ…»

«ነገ አንተ ወደ መርከብህ ሂድ፣ ጋሼ። አባባን እኔ አወጣዋለሁ።» ለአባቷ አንቱታውን መተዋን ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ያወቀችው። «ፎቶውንም እኔ ይዤ ከፊት እሄዳለሁ።»

«የበኩር ልጅ እያለ? ሴት ልጅ ፎቶ ይዛ ስትመራ የት አይተሻል? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል።»

ኪሶክ ትክ ብሎ አያት። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ከበሩ ወዲያ የእናቱ ማንኮራፋት፣ ቀጭንና የተቆራረጠ፣ እሱም ዘንድ ደረሰ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተፈታ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኧረ ታንኮራፋለችሳ» አለ፤ እንደ ልጅ ነበር ያለው። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ፣ ባዶውን አዳራሽ አቋርጦ ወጣ። «አይ፣ ለሌላ ሰው ስጡት» ሲል ከደረጃው ላይ ተሰማት። «እኛ ለነገ ነን።»

ናምሂ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች። አክስት ማልሱን ከፎቶው ፊት አቀርቅረው አሸልበዋል። በአዳራሹ ውስጥ የቆመ ሰው የለም። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጀመሪያ ብርድ መስሏት ነበር። ከዚያ የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ አፏ ውስጥ ከተተችና፣ ከበሩ ወዲያ እንዳይሰማ ነክሳ ይዛው፣ አለቀሰች።